የንብ ሙጫ የምርመራ ታሪክ፤ ከአርስጣጣሊስ እስከ ዘመናችን

መግቢያ

ንብ በተነሣች ጊዜ ሁሉም ሰው የሚያስበው ማሯንና ሰሟን ነው። ማሩ ለምግብና ለጠጅ፣ ሰሙም ለጧፍ ስለሚያገለግል፣ የአገራችን ሰው ሁለቱን ከጥንት ጀምሮ ጠንቅቆ ያውቃል። ነገር ግን ቀፎ ከፍቶ የተመለከተ ሁሉ ሦስተኛ ነገር ያገኛል። ይኸውም በቀፎው ውስጠኛ ግድግዳ፣ በስንጥቁና በመግቢያው ቀዳዳ ዙሪያ የተለሰነ፣ መልኩ ከቢጫ እስከ ጥቁር ቡናማ የሚለያይ፣ በሙቀት ጊዜ ከእጅ ላይ የሚጣበቅ፣ በብርድ ጊዜ ደግሞ ደርቆ የሚሰባበር፣ መዓዛ ያለው ሙጫ ነው። እኛ በአማርኛ የንብ ሙጫ ብንለው የሌላው ዓለም ሊቃውንት ከግሪኮች በወረሱት ስም «ፕሮፖሊስ» ይሉታል።

በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው የዚህን ሙጫ የምርመራ ታሪክ ነው። ከጥንት ጀምሮ ሲጠየቁ የኖሩት ዋና ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው «ሙጫው ከወዴት ይመጣል?» የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ቁስል ያደርቃል፣ ጀርም ይገድላል የሚባለው እውነት ነውን? እውነትስ ከሆነ ኃይሉ ከየትኛው ንጥረ ነገር ይመነጫል?» የሚለው ነው። እነዚህ ጥያቄዎች ለብዙ ዘመን ተለያይተው ኖረዋል። የመጀመሪያውን የያዙት ንብ የሚያረቡና የተፈጥሮን ሥራ የሚመለከቱ ሰዎች ሲሆኑ፣ ሁለተኛውን የያዙት ሐኪሞችና መድኃኒት ቀማሚዎች ነበሩ። የእኛ አሳብ ግን የሁለተኛው ጥያቄ መልስ የሚገኘው በመጀመሪያው ውስጥ ነው የሚል ነው። ሙጫው ከየትኛው ዛፍ እንደ መጣ ያላወቀ ሰው፣ ምን እንደሚሠራ በእርግጥ ሊናገር አይችልም። ይህንንም ለማስረዳት ነገሩን ከመነሻው ጀምረን በቅደም ተከተል እንመለከታለን። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲያስተውልልን እንለምናለን።

ሀ. የጥንት ጸሐፊዎች ምስክርነት

ፕሮፖሊስ የሚለው ቃል ግሪክኛ ነው። «ፕሮ» ማለት በፊት ወይም በፊት ለፊት ማለት ሲሆን «ፖሊስ» ማለት ከተማ ነው። ስለዚህ ቃሉ «ከከተማው ፊት ያለ» የሚል ትርጓሜ ይሰጣል። ንቦች የቀፎአቸውን ደጃፍ በዚህ ሙጫ እያጠበቡ ነፋስና ጠላት እንዳይገባባቸው ስለሚከላከሉ፣ ቀፎው በከተማ፣ ሙጫውም በከተማ ቅጥር ተመስሎ ስሙ እንደ ወጣለት ይታሰባል።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ምዕተ ዓመት የነበረው አርስጣጣሊስ፣ በስሙ በሚታወቀው «የእንስሳት ታሪክ» በ9ኛው መጽሐፍ ስለ ሙጫው ጽፏል። ንቦች ባዶ ቀፎ ባገኙ ጊዜ እንደ አኻያ ካሉ ዛፎች የሚንጠባጠበውን እንባ መሰል ፈሳሽ አምጥተው ውስጡን ይለስኑታል ይላል። ከዚህም ጋር በቀፎው መግቢያ የሚገኘው ጥቁርና ሽታው ኃይለኛ የሆነው ሙጫ ለሰንበርና መግል ለያዘ ቁስል መድኃኒት መሆኑን ይገልጻል። እንግዲህ ሁለቱም ጥያቄዎቻችን ገና ከመነሻው በአንድ ስፍራ ተነሥተዋል ማለት ነው።

ከእርሱ በኋላ የመጣው ሮማዊው ቫሮ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ37 ዓመት ስለ እርሻ በጻፈው መጽሐፍ አንድ ቁም ነገር ትቶልናል። ሐኪሞች ሙጫውን በቁስል ላይ በሚለጠፍ መድኃኒት ውስጥ ይጨምሩት ስለ ነበረ፣ በሮም ከተማ «ቅዱስ መንገድ» በሚባለው ጎዳና ከማር ይልቅ በውድ ዋጋ ይሸጥ ነበር ይላል። ለታሪክ ተመራማሪ ይህ አጭር ቃል ከብዙ ውዳሴ ይበልጣል። መድኃኒትን ማመስገን ለማንም ቀላል ነው፤ የገበያ ዋጋ ግን በእርግጥ የሚገዛ ሰው እንደ ነበረ ይመሰክራል።

በ1ኛው ምዕተ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በኋላ ደግሞ ሮማዊው ፕሊኒና ግሪካዊው ሐኪም ዲዮስቆሪደስ ስለዚሁ ሙጫ ጽፈዋል። ፕሊኒ ንቦቹ የሚለስኑትን ሽፋን በሦስት ደረጃ ከፍሎ፣ ከእነዚህ አንዱ ከወይን ሐረግና ከፖፕላር ዛፍ ሙጫ የሚገኝ መሆኑን ይናገራል። ሙጫው በሥጋ ውስጥ የገባውን ነገር ስቦ እንደሚያወጣና እብጠትን እንደሚያጎድልም ጽፏል። ዲዮስቆሪደስም እሾህን ስቦ ያወጣል፣ ታጥኖም ለቆየ ሳል ይጠቅማል ይላል። ፕሊኒ የጠራውን የፖፕላርን ዛፍ አንባቢ በልቡ እንዲይዘው እንወዳለን፤ ወደ ታች ደጋግመን እንገናኘዋለንና።

ከዚህ ሁሉ ምን እንደመድማለን? አንዳንድ ጸሐፊዎች የጥንት ሰዎች አመስግነውታልና መድኃኒትነቱ የተረጋገጠ ነው ይላሉ። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። እነዚሁ ጸሐፊዎች የዛሬ ሐኪም ፈጽሞ የማይቀበላቸውን ብዙ ነገሮችም በመድኃኒትነት አመስግነዋል። በሌላ ወገን ደግሞ ምስክርነታቸውን እንደ ተረት መናቅ ስሕተት ነው። በተለያየ አገርና ዘመን የነበሩ ሰዎች ስለ መግልና ስለ ቁስል የሚናገሩት ሲቀራረብ፣ ነገሩ መመርመር የሚገባው መሆኑን ያመለክታል። የጥንት ምስክርነት ለምርመራ በር ይከፍታል እንጂ ፍርድ አይሰጥም።

ለ. ከንቧ ነው ወይስ ከዛፉ?

የጥንት ጸሐፊዎች ሙጫው ከዛፍ እንደሚመጣ ቢናገሩም ይህን በሙከራ ያሳየ አልነበረም። ለዚህ ሥራ ከፍተኛ ስም ያገኘው የጄኔቫው ተወላጅ ፍራንስዋ ሁበር (1750–1831) ነው። የዚህን ሰው ታሪክ የሚያስደንቅ የሚያደርገው ዓይነ ስውር መሆኑ ነው። ገና በወጣትነቱ ዓይኑ እየፈዘዘ ሄዶ ማየት ቢሳነውም፣ የሚጠየቀውን ጥያቄ እርሱ እያሰበ፣ የሚታየውን ደግሞ ረዳቶቹ እያዩ እየነገሩት ስለ ንብ ኑሮ ታላቅ መጽሐፍ ጽፏል። መጽሐፉ በ1814 ለሁለተኛ ጊዜ ተስፋፍቶ ሲታተም ስለ ሙጫውም የሚናገር ክፍል ነበረው። ሁበር እምቡጡ ገና ያልተከፈተ የፖፕላር ቅርንጫፍ አስቈርጦ ከቀፎዎቹ ፊት አስተከለ። ንቦቹም መጥተው እምቡጡን በመንገጭላቸው እየከፈቱ፣ የሚጣበቀውን ሙጫ እንደ ክር ስበው በኋላ እግራቸው ላይ ጭነው ሲመለሱ ታዩ። የጥንቱ ቃል እነሆ በዓይን ምስክር ጸና።

ነገር ግን ክርክሩ በዚህ አላበቃም። ጀርመናዊው ኩስተንማኸር በ1907 ሌላ አሳብ አቀረበ። በእርሱ አባባል ንብ የአበባ ዱቄት በምትበላበት ጊዜ ዱቄቱ መፈጨት ሲጀምር የሚቀረው ቅባታም ነገር ተመልሶ ይወጣል፤ ሙጫውም ይኸው ነው። ይህ አሳብ ለጊዜው ደጋፊ አግኝቶ ነበር። ሙጫ የሚሰበስቡ ንቦች ከቀፎው ብዛት እጅግ ጥቂቶች ስለሆኑና የሚሠሩትም ሙጫው በሚለሰልስበት በሞቃት ሰዓት ስለሆነ፣ በሥራቸው ላይ ማግኘት ቀላል አይደለም። ያልታየ ነገር ደግሞ የለም ለመባል ቅርብ ነው። ሌላው ጀርመናዊ ሮሽ በ1927 ሙጫ ሰብሳቢዎቹን ንቦች ተከታትሎ የተመለከተውን ካቀረበ በኋላ፣ ሙጫው ከውጭ የሚመጣ መሆኑ እየጸና ሄደ።

አንባቢ «ከሆድ ወጣ ቢባል ወይም ከዛፍ ተቈረጠ ቢባል ምን ልዩነት ያመጣል?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ሙጫውን ንቧ ከሰውነቷ የምትሠራው ቢሆን ኖሮ፣ ሰም በየትም አገር ሰም እንደሆነ ሁሉ የንብ ሙጫም በየትም አገር አንድ ዓይነት በሆነ ነበር። ከዛፍ የምትሰበስበው ከሆነ ግን ዛፉ በተለወጠ ቊጥር ሙጫውም መለወጡ የማይቀር ነው። በእርግጥ ንቧ ሙጫውን ስትሰበስብና ስትለስን ሰም ትቀላቅልበታለች። ዋናው ነገር ግን የዛፉ ነው።

ሐ. ኬሚስቶች ምን አገኙ

ሙጫው ምን እንደያዘ ለማወቅ ከተደረጉት ቀደምት ሙከራዎች አንዱ የፈረንሳዩ ኬሚስት የቮክላን ነው። እርሱ በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ሙጫውን በአልኮል አሟሙቶ፣ ከግማሽ የሚበልጠው የዛፍ ሙጫ፣ ቀሪው ሰምና ልዩ ልዩ ጉድፍ መሆኑን አገኘ። ይህ ቀላል ሥራ ከዘመናችን ውጤት ብዙ የራቀ አይደለም። በዛሬ መጻሕፍት እንደ አማካይ የሚሰጠው ከመቶ 50 ያህሉ ሙጫና በለሳን፣ 30 ሰም፣ 10 ተናኝ ዘይት፣ 5 የአበባ ዱቄት፣ ቀሪው 5 ደግሞ ልዩ ልዩ ነገር ነው የሚል ነው።

ይሁን እንጂ «ሙጫ» ብሎ መተው መልስ አይሆንም። ሙጫ ራሱ የብዙ ነገሮች ድብልቅ ነውና። ጉዳዩን ወደ ፊት የገፋው ግኝት የመጣው ስለ ንብ ከማያስቡ ሰዎች ነበር። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ፒካር የሚባል ኬሚስት ከፖፕላር እምቡጥ ቢጫ ንጥረ ነገር አውጥቶ «ክሪሲን» ብሎ ሰየመው። ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ1920ዎቹ፣ ፈረንሳዊው ዦቤር የሰም ቢጫነት ከምን እንደሚመጣ ሲመረምር ይህንኑ ክሪሲን በንብ ሙጫ ውስጥ አገኘው። ሁበር በረዳቶቹ ዓይን ያየውን ነገር ኬሚስትሪ በራሱ መንገድ ደረሰበት ማለት ነው። ክሪሲን ሳይንቲስቶች «ፍላቮኖይድ» ከሚሏቸው የዕፀዋት ንጥረ ነገሮች አንዱ ሲሆን፣ ከእርሱ በኋላ ብዙ ወንድሞቹ በሙጫው ውስጥ ተገኝተዋል።

የሶቪየት ኅብረቱ ኬሚስት ፖፕራቭኮ በ1960ዎቹ መጨረሻ ከአገሩ የንብ ሙጫ ፍላቮኖይዶችን ለይቶ ካወጣ በኋላ፣ በሰሜኑ ብርዳም ክፍል የሙጫው ምንጭ ፖፕላር ሳይሆን በርች የሚባለው ዛፍ መሆኑን አሳይቷል። በእንግሊዝ አገር ደግሞ የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች በ1987 ጋዝ ክሮማቶግራፍና ማስ ስፔክትሮሜትር የሚባሉትን መሣሪያዎች አጣምረው የፖፕላርን እምቡጥና የንብ ሙጫን ጎን ለጎን መረመሩ። እነዚህ መሣሪያዎች ድብልቁን በክፍሎቹ ለያይተው እያንዳንዱን በክብደቱ ስለሚያሳውቁ፣ የእምቡጡና የሙጫው ዝርዝር ምን ያህል እንደሚመሳሰል በግልጥ ታየ። እስከ 2000 ባለው ጊዜ ከልዩ ልዩ አገሮች ሙጫ ተለይተው የታወቁት ንጥረ ነገሮች ከ300 በልጠው ነበር።

መ. በጀርም ላይ ያለው ኃይል

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንመለስ። ሐኪሞች መግል ከምን እንደሚመጣ ያወቁት በ19ኛው ምዕተ ዓመት የጀርም ትምህርት ከተስፋፋ በኋላ ነው። ፍሌሚንግ በ1928 ፔኒሲሊንን ካገኘና መድኃኒቱ በ1940ዎቹ በሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ፣ በብዙ አገር ያሉ ተመራማሪዎች ጀርም የሚገድል ነገር በየፍጥረቱ ይፈልጉ ጀመር። ፈረንሳዊው ፒየር ላቪ በ1950ዎቹ መጨረሻ በቀፎ ውስጥ ያሉትን ነገሮች አንድ በአንድ መርምሮ የንብ ሙጫ የባክቴሪያን ዕድገት የሚገታ መሆኑን አሳየ። የዚህ ዓይነት ምርመራ ሥርዓቱ ቀላል ነው። ባክቴሪያ በሳሕን ላይ በረጋ ምግብ ውስጥ ይዘራል፤ ከሙጫው በአልኮል የወጣው ፈሳሽ በመካከሉ ይደረጋል፤ በማግሥቱ በዙሪያው ምንም ያልበቀለበት ክብ ቢታይ ፈሳሹ ኃይል እንዳለው ይታወቃል፤ የክቡም ስፋት ይለካል።

ኃይሉ የየትኛው ንጥረ ነገር እንደሆነ ለመለየት የተደረገው ሥራም ውጤት አስገኘ። ቪያኑዌቫና ባልደረቦቹ፣ ላቪም ከእነርሱ ጋር ሆኖ፣ በ1964 ጋላንጊን የተባለውን፣ በ1970 ደግሞ ፒኖሴምብሪን የተባለውን ፍላቮኖይድ ጀርም የሚገቱ የሙጫው ክፍሎች መሆናቸውን አስታወቁ። ላቪ ደግሞ ከፖፕላር እምቡጥ የወጣው ፈሳሽ ራሱ እንደ ሙጫው ጀርም የሚገታ መሆኑን አሳየ። ሁለቱ ጥያቄዎች የተገናኙት በዚህ ነው። በሐኪሙ ሳሕን ላይ የታየው ኃይል ንቧ የፈጠረችው ሳይሆን፣ ዛፉ ለጋ እምቡጡን ከሻጋታና ከተባይ ለመጠበቅ ያዘጋጀው ነበር። ንቧ የዛፉን መድኃኒት ተውሳ ቤቷን ለሰነችበት።

ከእነዚህ ሥራዎች የተገኘውን በአጭሩ እንጠቅሳለን። ሙጫው ግራም ፖዚቲቭ በተባሉት ባክቴሪያዎች ላይ፣ ለምሳሌ በቁስል ላይ መግል በሚያመጣው ስታፊሎኮከስ አውሬየስ ላይ፣ ጠንካራ ነው። ግራም ኔጋቲቭ በተባሉት ላይ ግን ኃይሉ ደካማ ነው። የእነዚህኞቹ ሕዋስ ተጨማሪ የውጭ ሽፋን ስላለው ብዙ ነገር በቀላሉ አያስገባም። ደግሞም አንዱን ንጥረ ነገር ብቻውን ለይቶ መሞከር የሙሉውን ሙጫ ያህል ኃይል የማይሰጥበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ክፍሎቹ ተረዳድተው ይሠራሉና። በ1994 የታተመ ጥናት፣ ሙጫው የአንድ ስትሬፕቶኮከስ ሕዋሶች እንዳይከፋፈሉ እንደሚያግድና ሽፋናቸውንም እንደሚያውክ አሳይቷል። እንግዲህ አርስጣጣሊስ መግል ለያዘ ቁስል ይጠቅማል ማለቱ ያለ መሠረት አልነበረም።

ነገር ግን ሁለት ማስጠንቀቂያ ማስቀደም ግዴታችን ነው። አንደኛ፣ በሳሕን ላይ ያለ ጀርምና በሰው ሥጋ ውስጥ ያለ ጀርም አንድ አይደሉም። በሳሕን ላይ ጀርም የገደለ ሁሉ በሽተኛ ይፈውሳል ማለት አይቻልም። የንብ ሙጫ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት አስጥሎ የሚተካ አድርጎ የሚያቀርብ ሰው በሕይወት ላይ ይቀልዳል። ሁለተኛ፣ ሙጫው ራሱ ሊጎዳ ይችላል። በንብ አናቢዎች እጅ ላይ የቆዳ ሽፍታና ማሳከክ እንደሚያመጣ ከቆየ ጊዜ ጀምሮ ታውቋል። የጀርመን ተመራማሪዎች በ1987 ጉዳቱን በተለይ የሚያመጡት የካፌይክ አሲድ ኤስተሮች መሆናቸውን ለዩ፤ እነዚህም ደግሞ ከፖፕላር እምቡጥ የሚመጡ ናቸው። ጥቅሙም ጉዳቱም ከአንድ ዛፍ መገኘቱ ስለ ምንጩ የምንለውን ያጸናል።

ሠ. ፖፕላር በሌለበት አገር

እስከዚህ የተረክነው ታሪክ ከሞላ ጎደል የአውሮፓ ታሪክ ነው። ከዚህም የተነሣ ለብዙ ጊዜ መጻሕፍት «የፕሮፖሊስ ንጥረ ነገሮች» ሲሉ የሚዘረዝሩት በእውነቱ የፖፕላርን እምቡጥ ንጥረ ነገሮች ነበር። ፖፕላር በማይበቅልበት በሞቃቱ ዓለም ያለው ሙጫ ሲመረመር ግን ነገሩ ተለወጠ።

ብራዚል ለዚህ ዋና ምሳሌ ናት። በ1956 ዋርዊክ ኬር የተባለው ሳይንቲስት ከአፍሪካ ንብ አስመጥቶ፣ በ1957 ከእነዚህ ከፊሎቹ አምልጠው ከቀድሞዎቹ የአውሮፓ ዘር ንቦች ጋር ስለ ተዳቀሉ፣ ዛሬ በዚያ አገር ያለው ንብ የአፍሪካ ደም ያለበት ነው። በደቡብ ምሥራቅ ብራዚል የሚገኘው አረንጓዴ ሙጫ የሚመጣው ባካሪስ ድራኩንኩሊፎሊያ ከሚባለው ቊጥቋጦ ለጋ ቅጠል ሲሆን፣ ዋናው ንጥረ ነገሩም አርቴፒሊን ሲ ይባላል። በዚያው አገር በሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ ያለው ቀይ ሙጫ ደግሞ ዳልበርጂያ ኤካስቶፊሉም ከሚባል ተክል ይወጣል። በኩባ ንቦች ክሉሲያ ሮዜያ ከሚባለው ዛፍ አበባ ሙጫ ይሰበስባሉ፤ በጃፓን የኦኪናዋ ደሴት ደግሞ ማካራንጋ ታናሪየስ ከሚባለው ዛፍ። የእያንዳንዱ ንጥረ ነገር የተለያየ ነው። ጋላንጊንና ፒኖሴምብሪን የአውሮፓው ሙጫ ምልክቶች ሲሆኑ፣ እዚህ ወይ የሉም ወይም ዋናውን ስፍራ አይይዙም። ስሙ አንድ፣ ንቧም የአንድ ወገን ስትሆን፣ ነገሩ ግን ብዙ ሆኖ ተገኘ።

ታዲያ ንጥረ ነገሩ ከተለያየ ኃይሉም ተለያይቶ፣ አንዱ ጀርም የሚገድል፣ ሌላው ምንም የማይሠራ ሊሆን ይገባ ነበር። በሶፊያ የሚገኙ የቡልጋሪያ ተመራማሪዎች በ1999 ባሳተሙት ጥናት ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡትን ሙጫዎች አነጻጽረው ነበር። ንጥረ ነገራቸው እጅግ ቢለያይም ሁሉም በባክቴሪያና በሻጋታ ላይ ኃይል ያላቸው ሆነው ተገኙ። ቊልፉ ብዙ፣ በሩ ግን አንድ እንደ ማለት ነው። ይህን እንቆቅልሽ ለመፍታት ከሐኪሙ ወደ ንቧ መመለስ ያስፈልጋል።

ረ. ንቧ ለምን ትሰበስበዋለች?

በአንድ ቀፎ ውስጥ በብዙ ሺሕ የሚቈጠሩ ንቦች በጠባብ፣ በሞቃትና በእርጥብ ስፍራ ተፋፍገው ይኖራሉ። ለጀርምና ለሻጋታ ከዚህ የሚመች ቤት የለም። በዱር ያሉ ንቦች በዛፍ ጉድጓድ ውስጥ ሲሰፍሩ ውስጡን በሙሉ በሙጫ ይለብዱታል። በአሜሪካ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2009 ባወጡት ጥናት የቀፎ ውስጥን ከሙጫ በወጣ ፈሳሽ ቀብተው ካልተቀባው ጋር አነጻጸሩ። በተቀባው ቀፎ ያሉት ንቦች የባክቴሪያ ብዛት የቀነሰ ሆነ፤ ሰውነታቸውም በሽታ ለመከላከል የሚያደርገው ድካም አነሰ። በ2012 ደግሞ እጭን የሚያደርቅ የሻጋታ በሽታ ቀፎ ውስጥ ሲገባ ሙጫ ሰብሳቢዎቹ ንቦች እንደሚበዙ ታየ።

እንቆቅልሹም በዚህ ይፈታል። ንቧ የምትፈልገው አንድን የታወቀ ዛፍ ሳይሆን ቤቷን የሚጠብቅ ሙጫ ነው። በደረሰችበት አገር ሁሉ ከሚገኙት ዕፀዋት ራሳቸውን በሙጫ የሚከላከሉትን ትመርጣለች። ስለዚህ ንጥረ ነገሩ እንደየአገሩ ሲለያይ አገልግሎቱ አይለያይም። ሰው ግን ይህን ሳያስተውል ብዙ ጊዜ ተቃራኒውን አድርጓል። ሙጫው ክፈፎችን እያጣበቀ ሥራ ስለሚያውክ፣ ብዙ ንብ አናቢዎች ሙጫ የማያበዛውን ዘር መርጠው ሲያራቡ፣ ሙጫውንም ከቀፎው ፍቀው ሲጥሉ ኖረዋል። እንደ ጉድፍ የፋቁት የከተማዋን ቅጥር መሆኑን አላወቁም ነበር።

ሰ. ይህ ታሪክ ለአገራችን ያለው ትርጉም

ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ አገሮች የመጀመሪያውን ስፍራ ይዛ የምትጠቀስ ናት፤ ሰሟም ከጥንት ጀምሮ በውጭ ንግድ የታወቀ ነው። የንብ ሙጫ ግን ከማርና ከሰም ጋር ተቈጥሮ አያውቅም ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። በ2012 በኢትዮጵያ ኬሚካል ማኅበር መጽሔት የወጣ ጥናት ከሐረማያና ከአሰላ የተሰበሰቡትን ሙጫዎች ተናኝ ክፍሎች አነጻጽሯል። ይህ መልካም ጅምር ነው። ሆኖም ሁለት ስፍራ ለአገራችን ስፋትና ለዕፀዋቷ ብዛት ምን ያህል ጥቂት እንደሆነ ለማንም የተሰወረ አይደለም።

በአሁኑ ጊዜ ፕሮፖሊስ በልዩ ልዩ አገር በጠርሙስና በእንክብል ተዘጋጅቶ እየተሸጠ፣ በአውሮፓ ወይም በብራዚል ሙጫ ላይ የተገኘው ውጤት ሁሉ ለየትኛውም ሙጫ እንደ ማስረጃ ሲጠቀስ ይሰማል። ከላይ የተናገርነውን ታሪክ የተከታተለ አንባቢ የዚህን ስሕተት ይረዳል። በፖፕላር ሙጫ ላይ የተገኘው ውጤት የሚመሰክረው ስለ ፖፕላር ሙጫ ነው። ፖፕላር የደጋና የቆላ ዱራችን ዛፍ አይደለምና፣ የፈረንሳይን ሙጫ ዝርዝር ገልብጦ «የኢትዮጵያ ሙጫ ጋላንጊን አለው» ብሎ መጻፍ ሳይንስ አይባልም። እንደዚሁም «የእኛው አልተመረመረምና ዋጋ የለውም» ማለት ያው ስሕተት በሌላ ፊቱ ነው።

ይህ አስተሳሰብ ለሕዝባችን እንግዳ አይደለም። የአገራችን ሰው ማርን በጅምላ «ማር» ብሎ አይተወውም፤ በአበባውና በአገሩ ይለየዋል። የትግራይ ነጭ ማር፣ የገተሜ ማር፣ የግራዋ ማር፣ የአደይ አበባ ማር እያለ በመልኩ፣ በጣዕሙና በዋጋው ያበላልጣል። የምዕራቡ ኬሚስቶች ስለ ሙጫ በብዙ ድካም የደረሱበትን እውነት ገበሬያችን ስለ ማር ከአባቶቹ ተምሮ ያውቀዋል። የቀረው ይህንኑ ጥበብ ወደ ሙጫው ማዛወር ነው።

ስለዚህ ወደ ፊት ለሚመረምሩ ባልደረቦቻችን ሦስት ጥያቄዎችን እናቀርባለን። አንደኛ፣ ንቦቻችን በደጋ፣ በወይና ደጋና በቆላ ሙጫ የሚሰበስቡት ከየትኞቹ ዛፎች ነው? ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ እንደ ሁበር ቅርንጫፍ ቈርጦ ከቀፎ ፊት ማቆምና በትዕግሥት መመልከት ይበቃል። ሁለተኛ፣ ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ገብቶ ደጋውን ከሸፈነ ወዲህ፣ በባሕር ዛፍ መካከል የሚኖሩት ንቦች ሙጫ በተፈጥሮ ደን ውስጥ ካሉት ሙጫ ይለያልን? ሦስተኛ፣ በየስፍራው ያለው ሙጫ በየትኛው ጀርም ላይ ምን ያህል ኃይል አለው? ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ ሳሕንና አልኮል ያለው የትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ እንኳ ሊጀምረው ይችላል። ነገር ግን ከመጀመሪያው ጥያቄ ቀድሞ ቢሠራ፣ ስም እንጂ ነገር አይገኝም። የሙጫው ናሙና ሲሰበሰብ ስፍራው፣ ወቅቱና በዙሪያው ያለው ዛፍ አብሮ መጻፍ አለበት።

ይህ ጉዳይ ጊዜ የማይሰጥ መሆኑንም ማመልከት ይገባናል። ከነባሩ ደናችን የጠፋው ብዙ ነው። አንድ ዛፍ ከአንድ አገር በጠፋ ጊዜ የሚጠፋው ጥላውና ማገዶው ብቻ አይደለም፤ ከእርሱ ይሰበሰብ የነበረው ሙጫና በሙጫው ውስጥ የነበረው ንጥረ ነገርም ማንም ሳያውቀው አብሮት ይሄዳል።

መደምደሚያ

የንብ ሙጫ ታሪክ ከሁለት ሺሕ ዓመት በላይ የቆየ ነው። አርስጣጣሊስ ከዛፍ የሚመጣና ለቁስል የሚጠቅም ነው አለ፤ ሁበር ከዛፍ መምጣቱን አሳየ፤ ኩስተንማኸር ተጠራጠረ፤ ዦቤርና ከእርሱ በኋላ የመጡት በኬሚስትሪ አጸኑት፤ ላቪና ባልደረቦቹ በጀርም ላይ ያለውን ኃይል ለዩ፤ ብራዚልና ሌሎቹ ሞቃት አገሮች ደግሞ የፖፕላር ሙጫ ከብዙዎቹ አንዱ ብቻ መሆኑን አስተማሩ። በየደረጃው ወደ ፊት የተሄደው «ከየትኛው ዛፍ?» ተብሎ በተጠየቀ ጊዜ ነው። ይህ ጥያቄ በአገራችን በሚገባ ገና አልተጠየቀም። መልሱ በመጽሐፍ ቤት ሳይሆን በየቀፎአችን ደጃፍ ተለስኖ ይጠብቀናል።